ሥሩ ወዲህ፣ አበባው ወዲያ

ጽጌረዳ መውጣት አትችልም። ግንብ ሸፍና፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ተሻግራ፣ በመንገድ ለሚያልፍ ሁሉ ስትታይ ለሚያውቃት ሰው ይህ አነጋገር እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። ነገሩ ግን እውነት ነው። አደንጓሬ ግንዱን በእንጨቱ ዙሪያ እያዞረ ይጠመጠማል። ወይንና ዱባ ያገኙትን ሁሉ የሚጨብጡበት እንደ ክር የቀጠነ እጅ አላቸው። ሌሎች ተክሎች ደግሞ ከግንዳቸው ጥቃቅን ሥሮች አውጥተው በግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። ጽጌረዳ ከእነዚህ ሁሉ አንዱም አልተሰጣትም። የተሰጣት እሾህ ብቻ ነው። እሾኋ ጫፉ ወደ ታች የተቆለመመ መንጠቆ ነው፤ በዱር ሳለች ረጅም ዘንጓን በአጠገቧ ባለ ቁጥቋጦ ላይ ትጥልና በእሾኋ ተንጠልጥላ ትቀራለች፤ በዚያ ላይ ሌላ ዘንግ ትጨምራለች፤ እንዲህ እያለች ከፍ ትላለች። የምትደገፍበት ባጣች ጊዜ የገዛ ርዝመቷ ይከብዳትና መሬት ላይ ትተኛለች።

ስለዚህ ሐረግ ጽጌረዳ እያልን የምንጠራት ተክል በእርግጥ ሐረግ አይደለችም። ክንዷ የረዘመ፣ መዳፍ ግን የሌላት ቁጥቋጦ ናት። በአንድ ግቢ ግድግዳ ላይ ወጥታ፣ ተዘርግታ፣ አብባ ካየናት ያወጣት ሰው አለ ማለት ነው፤ በየዓመቱ መሰላል ተሸክሞ የሚመጣ፣ እጁ የሚደማ፣ ክር የሚቋጥር ሰው። እኔ በጅማ ከተማ በበቾ ቦሬ ከእንዲህ ያለች አንዲት ጽጌረዳ ጋር ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬአለሁ። ከእርሷ የተማርኩት ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ የዚሁ ዝርዝር ነው።

ብዙዎቻችን ጽጌረዳን ከባሕር ማዶ የመጣች እንግዳ አድርገን እናያታለን። የግቢዎቻችን ባለ ድርብርብ አበባ ጽጌረዳዎች በእርግጥም ከውጭ የመጡ ናቸው። ቋንቋችን ግን ጽጌን ከጥንት ያውቃል። ጽጌ በግዕዝ አበባ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ይባላሉ፤ ሊቃውንቱም በእነዚህ ሳምንታት ማኅሌተ ጽጌን እየዘመሩ ሌሊቱን ያነጋሉ። ምድራችንም ብትሆን የራሷ ጽጌረዳ አላት። ስሟ ቀጋ ነው።

እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ጆን ሊንድሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ስለ ጽጌረዳ ዝርያዎች ባሳተመው መጽሐፉ ቀጋን ሮዛ አቢሲኒካ በሚል ስም አስገብቷታል። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የምትበቅል ጽጌረዳ እርሷ ብቻ ናት። አበባዋ አምስት ቅጠል ብቻ ያለው፣ ነጭ ወይም ክሬም የመሰለ፣ መዓዛው ከሩቅ የሚጠራ ነው። ፍሬዋ ሲበስል ይቀላል፤ በደጋ ያደገ እረኛ ሁሉ በልቶታል፤ በውስጡ ያለችውን የምታሳክክ ጸጉርና ፍሬውን እንዴት እንደሚተፋም ያውቃል። ዛፍ ካገኘች ተደግፋ እስከ 7 ሜትር ትደርሳለች። ገበሬው ደግሞ በማሳውና በደጁ ዙሪያ ለአጥር ይተዋታል። እንግዲህ አንዲት ተክል አጥርም፣ ምግብም፣ አበባም ስትሆን እናያለን። ከብት የሚመልሰው እሾህና ንብ የሚጠራው አበባ በአንድ ዘንግ ላይ ናቸው። ይህን ነገር አንባቢዬ ልብ ይሏል፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከቀጋ ሌላ ዕድሜ የጠገበች ጽጌረዳ አለችን። ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ኢትዮጵያ ዕፅዋት ሲጽፍ በትግራይ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ የተገኘች አንዲት ጽጌረዳን ሮዛ ሳንክታ፣ ማለትም ቅድስት ጽጌረዳ፣ ብሎ ሰይሟታል። ይህች ጽጌረዳ ከሁለት ዝርያዎች የተዳቀለች ናት። እንደዚህ ያለች ድቅል መልኳን ሳትለውጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ የምትሻገረው በዘር አይደለም፤ አንዱ ከአንዱ ቁራጭ እየተቀበለ ሲተክላት ነው። ስለዚህ በዚያ ቅጥር ውስጥ ለመገኘቷ ምክንያቱ እጅ ነው፤ ስሙ ያልተጻፈ የብዙ ሰው እጅ።

ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ በመጋቢት ይጀምርና እስከ ጥቅምት አይለቅም፤ በውል ደረቅ የሚባሉት ከኅዳር እስከ ጥር ያሉት ወራት ናቸው። አፈሩ ቀይና ጥልቅ ነው። በበቾ ቦሬ ግቢዎች ቡናው ከአቮካዶው ሥር፣ እንሰቱ ከሙዙ አጠገብ፣ ጎመኑ ከሁሉም መካከል ይበቅላል። እንዲህ ባለ አገር ተክልን እደግ ብሎ መለመን አያስፈልግም፤ የሚያስቸግረው በቃህ ማለት ነው። ጽጌረዳም በአንድ ክረምት ከሰው ቁመት እጥፍ የሚሆን ዘንግ ትመዝዛለች።

አባቴ ይህችን ጽጌረዳ የተከላት በሰኔ 1985 ዓ.ም. ነው። መምህር ነበር፤ ቁራጯንም ያገኛት ከሥራ ባልደረባው ግቢ ነው። በእኛ ሰፈር ጽጌረዳ የምትጠራው በሰጪዋ ነው፤ የእገሊት ጽጌረዳ፣ የእገሌ ጽጌረዳ ይባላል። በመጽሐፍ የተጻፈ ስም ኖራትም አልኖራትም ለአትክልተኛው ያው ነው፤ የተቀበለበትን ደጅ ያውቃል። የእኛዋም ለብዙ ዓመት የመምህሩ ጽጌረዳ ስትባል ቆይታለች። ድርብርብ፣ ፈዛዛ ሐምራዊ አበባ በዘለላ የምታወጣ ናት።

አተካከሉን አስታውሳለሁ፤ ዛሬም ከዚያ የተሻለ አላየሁም። ቁራጩ እንደ እርሳስ የወፈረ፣ አንድ ስንዝር የሚሆን፣ ከዓይኑ ሥር የተቆረጠ ነበር። ሁለት ሦስተኛውን በጥላ ባለ አፈር ቀብሮ፣ ከላይ አንድ ቅጠል አስቀርቶ፣ ሥር እስኪይዝ ጠበቀው። ጉድጓዱን ከጉልበት በላይ ጥልቅ አድርጎ ቆፈረ። ቦታውን ከአጥሩ አንድ ክንድ ያህል አራቀው፤ ተክል ከአጥሩ ሥር ከተጣበቀ አየር አያገኝም፣ ከጣሪያ የሚወርደው ውኃም ሥሩን ይገልጠዋል። በጉድጓዱ ውስጥ ከአፈሩ ጋር የላም ፍግና ዓመት የሞላው የቡና ገለፈት ቀላቀለ። የቡና ገለፈት በጅማ ዙሪያ በየመፈልፈያው ተከምሮ ይገኛል፤ ትኩሱን የቀበረ ሰው ግን ገለፈቱ ሲበሰብስ የተክሉን ምግብ ይሻማበታል። ሲጠቁርና ሽታው የጫካ አፈር ሽታ ሲሆን ያን ጊዜ ደርሷል።

ስለ በሽታዋም ጥቂት ልበል፤ የጅማን ዝናብ ለሚያውቅ ይህ የቅንጦት ወሬ አይደለም። በክረምት ቅጠሏ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል፤ ቅጠሉ ይቢጫና ይረግፋል። አባቴ የረገፈውን በየሳምንቱ እየለቀመ ያቃጥል ነበር፤ በሽታው በጋውን የሚያሳልፈው በወደቀው ቅጠል ላይ ነውና። በደረቁ ወራት ውኃ የሚያጠጣት በማለዳ፣ ከሥሯ ብቻ ነበር። ክሽክሽ በእንቡጧ ላይ ሲሰፍር በጣቱ ጠርጎ ያወርደዋል። መድኃኒት ሲረጭ አይቼው አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። የጽጌረዳ ዘንግ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ከተተወ አበባ የሚሰጠው በጫፉ ብቻ ነው። ጫፍ ላይ ያለው ዓይን ኦክሲን የተባለ ቅመም ወደ ታች ይልካል፤ ይህም ቅመም ከሥሩ ያሉትን ዓይኖች ሁሉ አስተኝቶ ያቆያቸዋል። የቅርንጫፉ ሹም ጫፉ ነው፤ ሹሙ ከላይ እስካለ ድረስ የበታቾቹ አይነቁም። ዘንጉን ወስደው ወደ ጎን አጋድመው ቢያስሩት ግን የጫፉ የበላይነት ይላላል። በዘንጉ ርዝመት ያሉት ዓይኖች ከሞላ ጎደል እኩል ይሆናሉ፤ ከእያንዳንዳቸውም አጭር ቀንበጥ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ በእያንዳንዱ ቀንበጥ ጫፍ ላይ አበባ ይሆናል። አንድ እንቡጥ ይሰጥ የነበረው ዘንግ ሃያ ይሰጣል። ተክሏ አልተለወጠችም፤ ማዳበሪያም አልተጨመረላትም። የተለወጠው አቅጣጫዋ ብቻ ነው።

ይህን ማድረግ ግን ጊዜ አለው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይላል ተረታችን። የክረምቱ ዘንግ በመስከረም ገና አረንጓዴ ነው፤ በሁለት እጅ ይዘው ቀስ እያሉ ቢያጎነብሱት ይታዘዛል። በየካቲት ያው ዘንግ እንጨት ሆኗል፤ ቢያስገድዱት ከሥሩ ይገነጠላል። በመስከረምም ቢሆን በአንድ ቀን አይጨረስም። ዛሬ ትንሽ፣ ከሳምንት በኋላ ትንሽ ይጎነበሳል። ማሰሪያው ሽቦ መሆን የለበትም፤ ዘንጉ ሲወፍር ሽቦው ቆዳውን ይበላዋል። በእኛ አገር ከእንሰት ቃጫ የተሻለ የለም፤ ለስላሳ ነው፣ በዝናብ አይላላም፣ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶም በራሱ ይበጠሳል። ቋጠሮው ሁለት ቀለበት ያለው ነው፤ አንዱ ቀለበት ድጋፉን ይይዛል፣ ሌላው ዘንጉን። በዘንጉና በማሰሪያው መካከል ጣት መግባት አለበት። ጣት የማያስገባ ማሰሪያ ዛሬ ይይዛታል፣ በሚቀጥለው ዓመት ያንቃታል።

ጽጌረዳዋ የተተከለችበት አጥር በእኛና በሐጂ ግቢ መካከል ያለው ነበር። የጥድ ምሰሶ፣ የባሕር ዛፍ አጠና፣ ከላይ ሁለት መስመር ሽቦ። የሐጂ ግቢ በእኛ ምሥራቅ ነው። ጽጌረዳ ፀሐይን ትከተላለች፤ የማለዳ ፀሐይ የሚገኘው ከአጥሩ ማዶ ነበርና በሦስተኛው ዓመት አበባዋ ሁሉ ከማዶ ሆነ። በእኛ በኩል ግንዱ፣ ሥሩና እሾሁ ቀረልን።

እናቴ በዚህ ትገረም ነበር። "ውኃው ከእኛ፣ ፍጉ ከእኛ፣ አበባው ከሐጂ ቤት!" ትላለች። አባቴም "መዓዛው ግን ይመለሳል" ይላት ነበር። እውነቱን ነው፤ ማለዳ ነፋሱ ወደ እኛ ሲነፍስ ይመለስ ነበር።

አንድ ቀን ሐጂ በአጥሩ በኩል ቆመው አባቴን ተጣሩ።

"መምህር፣ አበባዎ ድንበር ጥሶ ገባ እኮ።"

"ይቅርታ ሐጂ፤ ጎትቼ ልመልሰው?"

"ኧረ ተዉት! እንግዳ ከገባ በኋላ ይመለሳል እንዴ?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጽጌረዳዋ የሁለት ሰዎች ሥራ ሆነች። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ አባቴ ከወዲህ፣ ሐጂ ከወዲያ ይቆማሉ። አባቴ አዲሱን ዘንግ በአጥሩ ላይ ያሻግራል፤ ሐጂ ተቀብለው ወደ ጎን ያጎነብሱታል። "ያዙት?" "ያዝኩት።" "ቀስ፣ ቀስ።" "ደረሰ።" የእኔ ሥራ ቃጫ ማቀበል ነበር። አንዳቸው ብቻቸውን ቢሞክሩት ዘንጉ ወይ ይሰበር፣ ወይ ተመልሶ ይፈነጠር ነበር፤ በሁለት ወገን መያዝ ነበረበት። ከእሑዶቹ በአንዱ፣ በዘመነ ጽጌ፣ እናቴ ለቤተ ክርስቲያን የምትወስደውን አበባ የምትቆርጠው በሐጂ ግቢ ገብታ ነበር። የሐጂ ባለቤት፣ እኛ ልጆች እማማ የምንላቸው፣ መቁረጫውን ራሳቸው ይዘው ይጠብቋታል። በዒድ ጊዜ ደግሞ እማማ ከረከቦቱ ሥር ከሚጎዘጎዘው ቄጠማ ላይ የዚያችኑ ጽጌረዳ ቅጠል ይበትኑ ነበር። ያን ጊዜ ይህ ሁሉ ለእኔ ተራ ነገር ነበር።

በመጻሕፍት እንደማነበው በሌላው ዓለም የሐረግ ጽጌረዳ ታሪክ በሌላ መንገድ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1931 አሜሪካ ለዕፅዋት የፈጠራ ባለቤትነት መብት መስጠት ስትጀምር ቁጥር 1 ሆና የተመዘገበችው ኒው ዶውን የተባለች ሐረግ ጽጌረዳ ናት። ኒው ዶውን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ከምታብብ ጽጌረዳ ላይ በአጋጣሚ የተገኘች፣ ደግማ ደጋግማ የምታብብ ነበረች። ለብዙ ድካም ባለቤት ማበጀት ተገቢ ነው፤ አልቃወምም። የሚገርመኝ ግን ሰው በሕግ ባለቤት ሊያደርግላት የመጀመሪያ የመረጣት ተክል፣ በተፈጥሮዋ በአጥር ላይ ተሻግራ ከጎረቤት ግቢ የምታብበዋ መሆኗ ነው።

በአገራችንም ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጽጌረዳ ትልቅ ንግድ ሆናለች። በሆለታ፣ በሰበታ፣ በቢሾፍቱ፣ በዝዋይ የላስቲክ ቤቶች ተዘርግተው ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥላ ከአፍሪካ አበባ በብዛት የምትልክ አገር ለመሆን በቅታለች። በእነዚህ እርሻዎችም ዘንግ ማጎንበስ አለ። ደካማ ቀንበጦችን ወደ ጎን አጎንብሰው ቅጠላቸው ምግብ እንዲሠራ ይተዋቸዋል፤ ያ ምግብ ከሥር ለሚነሣው አንድ ቀጥ ያለ፣ ረጅም ዘንግ ይሆናል። ያም ዘንግ ገና እንቡጥ ሳለ ተቆርጦ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይሄዳል። በዚያ ቤት የጎነበሰው የሚኖረው ለቀናው ሲባል ነው። በአጥር ላይ ባለች ጽጌረዳ ግን አበባውን የሚያወጣው የጎነበሰው ራሱ ነው። አንዱ ዳቦ ነው፤ ለብዙ ሺህ ሠራተኛ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል። ሌላው ምን እንደሆነ ለመናገር የኋለኛውን ታሪክ መጨረስ አለብኝ።

አባቴ በ2009 ዓ.ም. አረፈ። ሐጂ በ2012 ዓ.ም. ተከተሉት። በመካከል ባሉት ዓመታት መስከረም ላይ ከወዲህ የምቆመው እኔ ሆንኩ፤ ሐጂም በምርኩዛቸው ተደግፈው ከወዲያ ይቀበሉኝ ነበር። ከእርሳቸው በኋላ ከማዶ የሚቀበል አልነበረም። ሁለት ክረምት ዘንጎቹ እንደ ፈቀዱ አደጉ። ጽጌረዳዋ ወደ ላይ ተመዘዘች፤ አበባዋ ጥቂትና ከእጅ የራቀ ሆነ። ለካ ተክሏን የያዛት ሽቦው አልነበረም።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የሐጂ የበኩር ልጅ ከአዲስ አበባ መጣ። አብረን ያደግን ነን። በአጥሩ ላይ እጁን ጭኖ ገፋ ሲያደርገው አጥሩ አብሮት ተንቀሳቀሰ።

"ምሰሶዎቹን ምስጥ ጨርሷቸዋል" አለኝ። "ቆሞ ያለው በአበባችሁ ተይዞ ነው።"

እውነት ነበር። ሠላሳ ዓመት አጥሩ ጽጌረዳዋን ሲይዝ ኖሮ፣ አሁን ጽጌረዳዋ አጥሩን ይዛው ነበር።

"ብሎኬት ላስገነባ ነው" አለ። "ባለፈው ወር በዚሁ በኩል ሌባ ገብቶ ነበር። እናቴ ብቻዋን ናት፤ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ነው የምታነጋው። ሁለት ሜትር ተኩል፣ ከላይ የጠርሙስ ስብርባሪ። አትከፋብኝ።"

ምን እላለሁ? ስለ አበባ ተናግሬ የአንዲትን አሮጊት እንቅልፍ ልከራከር አልችልም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለው ተረት የሚሠራው ጎረቤቱ የጎረቤቱን ፍርሃት ሲያውቅ ነው። ይሁን እንጂ ጠርሙሱን በሚመለከት አንድ ነገር ነገርኩት። ቀጋን አነሣሁበት። "ገበሬው ማሳውን በምን የሚያጥር ይመስልሃል? የዚህችም እሾህ ያው ነው። ግንቡ ላይ ከተጋደመች በዚህ በኩል የሚወጣ ሰው ቆዳውን ትቶ ነው የሚሄድ" አልኩት።

ሳቀ። "እስክታድግ ማን ይጠብቃል?" አለ።

"ሦስት ክረምት ስጠኝ።"

በሌሎቹ ሦስት ማዕዘናት ጠርሙሱን አስተከለ። በእኛ በኩል ግን ከየዓምዱ አናት የፌሮው ጫፍ አንድ ክንድ ያህል እንዲወጣ አስቀረና በመካከላቸው ሦስት መስመር ሽቦ ወጠረ። ለአሁኑ ለሌባው፣ በኋላም ለጽጌረዳዋ። ከዚህ የተሻለ ስምምነት በሕግ ቃል የተጻፈ ውል ውስጥ ያነበብኩ አይመስለኝም።

በየካቲት ግንበኞቹ ከመምጣታቸው በፊት ዘንጎቹን ሁሉ ከጉልበት በታች ቆረጥኳቸው። ያረጀ ዘንግ ፈትቶ እንደገና ማጎንበስ የማይቻል ነገር ነው፤ ከሥር አዲስ እንዲነሣ መጠበቅ ብቻ ነው ያለው። የመሠረቱ ቦይ ሲቆፈር በምሥራቅ በኩል ያለው ሥሯ ተቆረጠ። እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የተከመረውን እሾህ እያየች "አባትህ ይህን ቢያይ" አለችና ዝም አለች። መጋቢት ገብቶ የመጀመሪያው ዝናብ ከዘነበ በኋላ በዐሥረኛው ቀን ከጉቶው ሥር እንደ ደም የቀሉ ሦስት ቡቃያዎች ወጡ። የጽጌረዳ ቡቃያ ሲወለድ ቀይ ነው፤ አረንጓዴ የሚሆነው ቆይቶ ነው።

በሚቀጥሉት ሁለት መስከረሞች ዘንጎቹን በግንቡ ላይ በእኛ በኩል አጋደምኳቸው። በእኩል ርቀት፣ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ ሽቦ ወጥሬ፣ ሽቦውንም ከግንቡ ጥቂት አርቄ፣ አየር እንዲያልፍ። አበባ ሰጠች፤ አዎ፣ በእኛ በኩል፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ። እናቴ በረንዳዋ ላይ ሆና ታያት ጀመር። ነገር ግን ግንቡ የማለዳዋን ፀሐይ እስከ 4 ሰዓት ይከልላታል። ጽጌረዳዋም ታውቀዋለች፤ በየክረምቱ አንዱ ዘንግ ከሌሎቹ ተለይቶ ወደ ላይ፣ ወደዚያ ወደ ፌሮው ይመዘዛል።

እማማ አንድ ቀን ቡና ጠርተውን ሄድን። ረከቦቱ ሥር ቄጠማ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ስኒ ላይ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ አበባው ግንቡን እስኪሻገር እኔ እደርስ እንደሆን አላህ ያውቃል" አሉኝ። "ሥሩን ስጠኝ።"

በሳምንቱ አራት ቁራጮች ቆርጬ በወተት ጣሳ ተከልኩላቸው፤ ከቡናው ጥላ ሥር አስቀመጥናቸው። ሁለቱ ደረቁ፣ ሁለቱ ያዙ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ከግንቡ ማዶ፣ ከእኛዋ ትይዩ፣ አንድ ክንድ አርቀን ተከልናቸው። ገለፈቱን እኔ አመጣሁ፣ ፍጉን እርሳቸው አስመጡ። እናቴም ሄዳ የመጀመሪያውን ውኃ አፈሰሰች።

በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ጊዜ የማስበው አንድ ነገር አለ። ከዘር የበቀለች ጽጌረዳ ልጅ ናት፤ እናቷንም ላትመስል ትችላለች። ከቁራጭ የበቀለች ግን ልጅ አይደለችም። ያችው ራሷ ናት። በሰኔ 1985 ዓ.ም. አባቴ የተከላት፣ ሐጂ የተቀበሏት፣ በሌላ ሥር የቆመች ያችው አካል ናት። ስለዚህ በእኛና በእማማ መካከል ያለው ግንብ የለያቸው ሁለት ጽጌረዳዎች የሉም። አንዲት ጽጌረዳ በሁለት ሥር ቆማለች። ይህ ከድሮው ይሻላል ወይስ ያንሳል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ያንሳል እላለሁ። ድሮ ለመቁረጥ እንኳ መሻገር ነበረብን፤ አሁን ሁሉም ከደጁ ይቆርጣል። ግን ደግሞ ድሮ እማማ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ፤ አሁን ባለቤት ናቸው። እርሳቸውም ክሽክሹን በጣታቸው ሲጠርጉ አይቻለሁ።

የልጅ ልጃቸው አብሯቸው ይኖራል፤ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። የማዶዎቹ ዘንጎች ባለፈው መስከረም ለመጀመሪያ ጊዜ ለማጎንበስ ደረሱ። እኔ ደግሞ የእኛን ረጅሙን ዘንግ መሰላል ላይ ወጥቼ በፌሮው ሽቦ ላይ አሻገርኩት። ግንቡ ስለሚከልለኝ ልጁን አላየውም ነበር፤ ድምፁን ብቻ እሰማለሁ።

"ያዝከው?" አልኩት።

"ያዝኩት፣ ጋሼ።"

"ቀስ አድርገህ ወደ ጎን። አትጎትተው፤ አብረኸው ሂድ። እሺ፣ አሁን እሰር።"

ጥቂት ዝም አለ። የቃጫው ድምፅ ተሰማኝ።

"አሰርኩት።"

"ጣትህ ይገባል?"

አሁንም ዝም አለ።

"አይገባም።"

"ፍታውና እንደገና እሰረው" አልኩት፤ መሰላሉ ላይ እንደቆምኩ ጠበቅኩት።